በራስ መተማመን ከየት ይመጣል?

በራስ መተማመን ሰው አስቀድሞ ሰንቆት ሥራ የሚጀምርበት ነገር አይደለም፤ ሠርቶ የሚያገኘው ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ «እችላለሁ» የሚለው እምነት አራት ምንጮች አሉት፦ ሥራን ራስ ሞክሮ መወጣት፣ መሰል ሰው ሲወጣው ማየት፣ የሌሎች ማበረታቻ፣ እንዲሁም የገዛ ሰውነትና ስሜት ሁኔታ። ከሁሉም የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። ምክር ይረሳል፣ ምስጋናም ሽንገላ ሊመስል ይችላል፤ በገዛ እጁ የሠራውን ግን ሠሪው ራሱ አይክደውም።

ስለዚህ ግብ የያዘ ሰው በቅድሚያ የሚያስፈልገው ዛሬ ሊወጣው የሚችል ሥራ ነው። ከሸዋሮቢት ወደ ጣርማ በር የሚወስደው መንገድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሸዋሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ያን ዳገት ቀጥ ብሎ የሚወጣ መኪና የለም፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ዳገቱን ስለሚከፋፍለው ግን የተጫነ መኪና ሳይቀር ይወጣዋል። የራሱን ሱቅ ለመክፈት ያሰበ የይፋት ሽንኩርት ነጋዴም በየማታው ገቢና ወጪውን ቢጽፍና ዕቁቡን ሳያዛንፍ ቢጥል፣ ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ገንዘብ መያዝ የሚችል ሰው መሆኑን በራሱ መዝገብ ያረጋግጣል።

ዕለታዊ ሥራ ልማድ የሚሆነው ከታወቀ ሰዓት ወይም ከቆየ ልማድ ጋር ሲያያዝ ነው። ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የለንደን ጥናታቸው፣ 96 ሰዎች አንድ አዲስ ተግባር መርጠው በየቀኑ በተመሳሳይ አጋጣሚ፣ ለምሳሌ ከቁርስ በኋላ፣ እንዲፈጽሙ አደረጉ። ተግባሩ ያለ ግፊት የሚሠራ ልማድ ለመሆን በአማካይ 66 ቀን ገደማ ወሰደ፤ እንደየሰዉና እንደየተግባሩ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ቡና በየቀኑ በሚፈላበት ቤት «ጀበናው ከተነሣ በኋላ አንድ ገጽ አነባለሁ» ማለት፣ «ጊዜ ሳገኝ አነባለሁ» ከማለት የበለጠ የሚጸናውም ከታወቀ አጋጣሚ ጋር ስለተያያዘ ነው።

ልማድ በጭንቅ ሰዓት መመኪያ ይሆናል። በሰሜን ሸዋ የተወለደው ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ኦሎምፒክ ማራቶን አዲሱ ጫማ ስላልተመቸው በባዶ እግሩ ሮጠ። ብዙ የተለማመደው ያለ ጫማ ስለነበር ውሳኔው ድፍረት ብቻ አልነበረም፤ እግሩ የሚያውቀውን መምረጥ ነበር። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በመግባት አሸነፈ፤ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይም ድሉን ደገመ።

ልማድ ሲቋረጥም ሁሉም አይጠፋም። በላሊ ጥናት አንድ ቀን መዝለል የልማዱን ምሥረታ ጉልህ በሆነ መጠን አልጎዳውም፤ ያመለጠውን ቀን እያሰቡ ከመጸጸት በማግስቱ መቀጠል ይሻላል። መቋረጡ ከባድ ሲሆን ደግሞ ሥራውን ካለው አቅም ጋር ማስማማት ያስፈልጋል። አበበ በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑበት። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ ቀረበ፤ በዚህ ጊዜ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ የተወዳደረው በቀስት ውርወራ ነበር።