ሐኪም በቤታችን ደጅ

ሐኪም ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሕመም ከጸና በኋላ የሚፈለገውን ነው። ሐኪሙ ዶክተር ከሰተብርሃን አድማሱ ግን በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2012 እስከ 2016 የጤና ጥበቃ ሚኒስትር ሳሉ ያተኰሩት በሽታ ገና ሳይገባ በቤተ ሰቡ ደጅ ላይ ነበረ።

መሠረቱ በ2003 ተጥሎ ነበር፤ በየገጠሩ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሴቶች አንድ ዓመት ተምረው ክትባትን፥ ንጽሕናን፥ የነፍሰ ጡርን አጠባበቅ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ያስተምሩ ጀመር። በኋላም አንዲት እናት ለአምስት ጎረቤቶቿ አርአያ እንድትሆን ተደረገ። በ2000 የተደረገው ጥናት ከ1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ሲያሳይ፥ የ2016ቱ ጥናት ቍጥሩ ወደ 67 መውረዱን ገለጸ። ይህም የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የብዙ እጆች ሥራ ነው።

በከተማም ከ2009 ወዲህ ነርሶች በየቤቱ መዞር ጀምረዋል። በቦሌና በየካ ግን አጥሩ ረዥም ነው፤ ዘበኛው «እመቤት የሉም» ብሎ ነርሷን የመለሳት እንደ ሆነ፥ በጓሮ ክፍል ያለችው ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ምክሩን ታጣለች።

እንግዲህ የቤት ጌቶችና እመቤቶች ሆይ፥ ነርሷ በመጣች ጊዜ በሩን አስከፍቱላት፤ በግቢያችሁ የሚያድረውንም ሁሉ አስመርምሩ። የሆስፒታል አልጋ ከመለመን በር መክፈት ይቀላልና።