በኢንተርኔት በነፃ በሚካሄድ የሕዝብ ካርታ ሥራ ጉባኤ ስለ መካፈል

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ማዳበሪያ የጫነ መኪና ከዩኒየኑ መጋዘን ተነሥቶ ከመሠረታዊ ማኅበሩ ደጃፍ እስኪደርስ ድረስ ሾፌሩ ብዙውን ጊዜ የሚመራው በስልክና መንገደኛ በመጠየቅ ነው። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ቀበሌዎች በተለያዩ ወረዳዎች ይገኛሉ። በጋ የሚያሳልፈው መንገድም ክረምት ሲገባ ይዘጋል። ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የበረሃ አንበጣ በአገራችን በተሠራጨ ጊዜም የመጀመሪያው ጥያቄ መንጋው የት አርፏል፣ በየትስ በኩል ይደረሳል የሚል ነበር። መንጋው ነፋስ ከረዳው በአንድ ቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ስለሚችል፣ የቦታ ስም ከተሳሳተ ርጭቱ ባዶ ማሳ ላይ ይደርሳል።

ይህን ችግር ለማቃለል ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ነዋሪው ራሱ የሚሠራው ካርታ ነው። ከዚህ በታች የምንገልጸው ይህን ካርታ የሚሠሩ ሰዎች በኢንተርኔት በሚያካሂዱት ጉባኤ ላይ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና ማኅበሩ እንዴት ተካፍለው ሊጠቀሙ እንደሚችሉ ነው።

ካርታውና ጉባኤው

ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው ካርታ በ1996 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስቲቭ ኮስት የተጀመረ ሲሆን፣ ማንኛውም ሰው ሊጨምርበትና ሊያርመው፣ ምንጩን እስከ ገለጸ ድረስም በነፃ ሊጠቀምበት ይችላል። በጥር 2002 ዓ.ም. ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ በተመታች ጊዜ፣ በሩቅ አገር ያሉ በጎ ፈቃደኞች ከሳተላይት ፎቶግራፍ እየተነሡ የዋና ከተማዋን መንገዶች በጥቂት ቀናት ውስጥ በመሣላቸው ለእርዳታ ሠራተኞች መንገድ ማሳያ ሆኗል።

የካርታው ሠራተኞች ዓመታዊ ጉባኤ ስቴት ኦፍ ዘ ማፕ ይባላል። የመጀመሪያው በ1999 ዓ.ም. በማንቸስተር ተደረገ። የ2012ቱ በኬፕ ታውን እንዲሆን ታስቦ ሳለ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሰኔ 27 እና 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ተካሄደ። ከሐምሌ 2 እስከ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የተደረገውም እንዲሁ በኢንተርኔት ነበር። የአፍሪካ ካርታ ሠራተኞችም በኅዳር 2014 ዓ.ም. የራሳቸውን ጉባኤ በዚሁ መንገድ አካሂደዋል። ዓለም አቀፉ ጉባኤ በጳጉሜን 2016 ዓ.ም. በናይሮቢ ተደርጓል። ጎረቤት አገር እንኳ ቢሆን የጉዞና የሆቴል ወጪው ከማኅበር አቅም በላይ ስለሆነ፣ በኢንተርኔት የሚደረገው ዓይነት ለእኛ ሠራተኛ ይበልጥ ይስማማል።

ነፃ ነው ሲባል

ነፃ የሚሆነው መግቢያው ነው። የዳታው፣ የመብራቱና የሥራ ሰዓቱ ወጪ አለ። ጥራቱ ዝቅ ያለ ቪዲዮ እንኳ በአንድ ሰዓት ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠራተኛ በየስልኩ ከመከታተል ይልቅ፣ በዩኒየኑ ቢሮ ወይም በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል አምስት ስድስት ሰው በአንድ ኮምፒዩተር ዙሪያ ቢቀመጥ ይሻላል። ሁሉንም ንግግር ማዳመጥም አያስፈልግም። የ2012ቱ ጉባኤ ንግግሮች ተቀድተው በኢንተርኔት ተቀምጠዋል። የተቀዳውን ወረዳ ከተማ በተወረደ ጊዜ ጭኖ መመለስ ይቻላል፤ በቀጥታ መገኘት የሚያስፈልገው ጥያቄ ለሚጠየቅበት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው።

የሰዓቱ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። መርሐ ግብሩ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በግሪንዊች ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ለማወቅ 3 መቀነስ ይበቃል። 9፡00 ተብሎ የተጻፈው ከቀኑ 6 ሰዓት፣ 14፡00 የተባለው ከቀኑ 11 ሰዓት ይሆናል። ከ12 ከበለጠ ደግሞ እንደገና 12 ይቀነሳል፤ 16፡00 ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ቀኑንም ወደ እኛ አቆጣጠር ለውጦ ከግድግዳ ላይ መለጠፍ ይገባል። ሰኔና ሐምሌ የዘር ወቅት በመሆናቸው፣ ሠራተኛው ከማሳ ሊነሣ የሚችለው ሰዓቱን አስቀድሞ ሲያውቅ ብቻ ነው።

ከጉባኤው በፊት መዘጋጀት ያለበት

ባዶ እጁን የገባ ሠራተኛ የሌላውን አገር ሥራ አድምጦ ይወጣል። አንድ ቀበሌና አንድ ጉዳይ ይዞ የገባ ግን መልስ ያገኛል። ጉዳዩ ጠባብ ይሁን፤ ለምሳሌ ጭነት መኪና ክረምት ከበጋ የሚገባበት መንገድ፣ ወይም በየካቲትና በመጋቢት የማይነጥፉ የከብት መጠጫ ውኃዎች። ሳተላይት የቆርቆሮ ጣሪያ ያሳያል፤ ጣሪያው የማኅበሩ መጋዘን ይሁን ትምህርት ቤት ግን አይናገርም። የትኛው ምንጭ እንደሚነጥፍ የሚያውቁት ውኃ የሚቀዱት ሴቶችና ከብት የሚያግዱት ልጆች ናቸው። ስለዚህ በመጀመሪያ በትልቅ ወረቀት ላይ ከእነርሱ ጋር ንድፍ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ቦታው በእግር ተሄዶ በስልክ ይለካል።

በሚለካበት ጊዜ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥሩ ከነጥብ በኋላ እስከ 5 አኃዝ ድረስ ይጻፍ። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 2 አኃዝ ብቻ ጽፎ የቀረውን የተወ ሰው ቦታውን እስከ 1.1 ኪሎ ሜትር ያሳስታል። በ5 አኃዝ ግን አንዷ ቁጥር የምትወክለው 1 ሜትር ገደማ ነው። ስሙ ነዋሪው በሚጠራበት ቋንቋ ይመዝገብ፤ ካርታው የግዕዝ ፊደልን ይቀበላል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ያለውን ስምም ለየብቻው ይይዛል። ከንግድ ድርጅቶች ካርታ ላይ መገልበጥ ክልክል ነው።

በካርታው ላይ መግባት የሌለበት

የገበሬው የይዞታ ድንበር በዚህ ካርታ ላይ መግባት የለበትም። የስልክ መለኪያ ገላጣ ሜዳ ላይ እንኳ 5 ሜትር ያህል ሊስት ይችላል፤ በዛፍ ሥርና በገደል ውስጥ ከዚያም ይበልጣል። በብዙ አካባቢ ጥማድ የሚባለውን 50 በ50 ሜትር የሆነ ማሳ ብንወስድ፣ አንዱ ጎን በ5 ሜትር ሲገፋ 250 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ከማሳው አንድ አሥረኛው፣ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ዓለም ሁሉ የሚያየው ካርታ ላይ እንዲህ ያለ መስመር መሣል ጠብ መጥራት ነው። የድንበር ጉዳይ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። እንደዚሁም የገበሬው ስምና ስልክ፣ በመጋዘኑ ውስጥ ያለው የእህል መጠንም አይመዘገብም፤ መጋዘኑ የቆመበት ቦታ ይበቃል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ምን እንደሚገባና ምን እንደማይገባ ቢወስን በኋላ ከሚነሣ ቅሬታ ያድናል።

በጉባኤው ላይ

ንግግሩ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ቋንቋውን የሚችል አንድ ሰው ለቡድኑ እንዲተረጉም ይመደብ። ጥያቄ በጽሑፍ ስለሚቀርብ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ቢቀመጥ መልካም ነው። «ካርታ እንዴት ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው። «በቀበሌያችን ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘጋ 7 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ፤ በካርታው ላይ መዘጋቱ የሚገለጸው በምን ዓይነት ምዝገባ ነው?» የሚል ሠራተኛ ግን በዚያው ዕለት የሚጠቀምበትን መልስ ሊያገኝ ይችላል። ጉባኤው የ5 ደቂቃ አጭር ገለጻዎችም አሉት። የማኅበሩን ሥራ ለማቅረብ የሚፈልግ ርእሱንና አጭር መግለጫውን ከጥሪው ጋር በሚወጣው ቀነ ገደብ ውስጥ መላክ ይኖርበታል። ቀነ ገደቡ ከጉባኤው ብዙ ወራት ቀድሞ ሊያልፍ ስለሚችል ጥሪውን ከወዲሁ መከታተል ያስፈልጋል።

ከጉባኤው በኋላ

የተገኘው መልስ በማግስቱ በካርታው ላይ ይግባ፤ ከርሞ የሚገባ ነገር ይረሳል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ተከፍቶ ይታይ፤ ካርታው ለሁሉም ክፍት በመሆኑ በሩቅ ያለ ሰው የቀበሌውን ስም ለውጦት ወይም የበጋውን መንገድ የክረምት አድርጎት ሊገኝ ይችላል። እያንዳንዱ ለውጥ ከነለዋጩ የመዝገብ ስም ስለሚቀመጥ፣ ለዚያ ሰው አስተያየት ጽፎ ማስረዳትና ማረም ይቻላል። የተስተካከለው ካርታ በወረቀት ታትሞ አንዱ ቅጂ በማኅበሩ ቢሮ ይሰቀል፣ ሌላው ማዳበሪያ ከመጫኑ በፊት ለዩኒየኑ የትራንስፖርት ኃላፊ ይሰጥ።