የእንዶዱ ጥናትና በስም ያልተጠሩት አጣቢዎች

ረመዳን ተጋምሶ ዒድ ሲቃረብ የእናቶች ሐሳብ ግማሹ ወደ ልብስ ይሄዳል። ሳሙና በየሱቁ ሳይገባ በፊት በወሎ ደጋ ነጭ ልብስ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ሲነካው አረፋ ያወጣል፤ ይህን የወግዲ እናቶች ከእኛ በላይ ያውቁታል።

ዛሬ እንዶድን ያነሳነው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ወላጆች «የመምህራችን ጥናት ይህን ያህል ጊዜ ተጠቅሷል» የሚል ወሬ ይሰማሉ። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ግቢ ስላለው ወሬው ለወግዲም ሩቅ አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው። ተመራማሪ ግኝቱን በመጽሔት ያሳትማል። በኋላ የሚመጣ ጸሐፊ በዚያ ግኝት ከተጠቀመ የባለቤቱን ስም መጥቀስ አለበት። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1964 ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚያሳይ ትልቅ መዝገብ አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ የተመራማሪ ክብር በቁጥር መለካት ጀመረ።

ሐዲስ የቀራ ደረሳ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ማን ከማን ሰማ የሚለውን ሰንሰለት ያውቀዋል። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንት የእያንዳንዱን ዘጋቢ ማንነትና ታማኝነት ይመረምራሉ፤ የመጀመሪያው ተናጋሪ ማን እንደሆነም ይጠይቃሉ። የጥቅስ መዝገቡ ይቆጥራል እንጂ አይጠይቅም።

በዚያው በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዝያ ለማጥናት አድዋ ነበሩ። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚያድገው በውኃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞተ ቀንድ አውጣ አዩ። በሕይወት ያሉትን በዕቃ ይዘው አንዲት አጣቢ ከአረፋዋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ግኝታቸው እ.ኤ.አ. በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። አገር ውስጥ የሚታተም መጽሔት በውጭ ብዙ አንባቢ የለውም፤ ያልተነበበ ደግሞ አይጠቀስም። በአድዋ ለአምስት ዓመት በተደረገው የመስክ ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እንዲያም ሆኖ ገንዘቡን የያዙት ዓለም አቀፍ ተቋማት እዚህ የተሠራውን ሥራ ለማመን ዓመታት ፈጀባቸው። ዶክተር አክሊሉ ችግሩ ያለው እንዶዱ ላይ ሳይሆን ከአፍሪካ ጥሩ ሳይንስ ይወጣል ብለው በማያምኑት ሰዎች ዘንድ መሆኑን ይናገሩ ነበር። እሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ከአድዋው ወንዝ 25 ዓመት በኋላ።

እኛን የሚከነክነን ሌላም አለ። የጥቅሱ ሰንሰለት ወደ ኋላ ሲቆጠር አክሊሉ ለማ ላይ ይቆማል። ከእሳቸው በፊት የነበሩት አጣቢዎች በታሪኩ የሚነሱት «ሴቶች» ተብለው ብቻ ነው። አረፋዋን ያፈሰሰችው ማን ናት? በሰነድ በሚያምን ቤት ይህ ክፍተት ጎልቶ ይታያል። ከወግዲ ሄዶ ጤና ወይም ዕፅዋት የሚያጠና ልጅ ስለ አገሩ መድኃኒት ሲጽፍ የነገረችውን እናት፣ ፈቃዷን ጠይቆ፣ በስሟ ቢያመሰግን ግን የሚከለክለው የለም። የምስጋና ገጽ አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚሞላው በአማካሪዎች ስም ነው።

በነገራችን ላይ እንዶድ ለልብስ እንጂ ለሆድ አይደለም። ቀንድ አውጣን የሚገድለው መርዝ ሰውንም ይጎዳልና ለዒድ ልብስ የሚወቅጥ ሁሉ ከልጆች ያርቀው።