ይስሐቅ ይገዛ ወይስ ይቅር?

አንባብያን ይቅር ይበሉን፤ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ኳስ ነው። «አገር በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች እናንተ የአጥቂ ዋጋ ትቆጥራላችሁ ወይ?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም መጀመሪያ ላይ ያልነው ይህንኑ ነበር። ይሁንና ሙግቱን ቁጭ ብለን ስንሰማ ስለሰነበትን፣ የሰማነውን ሳንጽፍ ብንቀር የጋዜጠኛ ወግ አይሆንም።

ጊዜው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። ቦታው ደቡብ ለንደን፣ ከሥራ መልስ ጎራ የምንልባት አንዲት የሐበሻ ቡና ቤት። ከደንበኞቿ ግማሹ ኢትዮጵያዊ፣ ግማሹ ኤርትራዊ ነው። ታክሲ ነጂ አለ፣ አረጋውያን የሚንከባከብ አለ፣ ሌሊት ቢሮ የሚያጸዳ አለ፤ እንደ እኛ ያለ ፀጉሩ የሸበተ የቀድሞ ጋዜጠኛም አይጠፋም። በዚያ ሰሞን በአዲስ አበባና በአሥመራ መካከል የጦርነት ወሬው ስለከረረ የቤቷ ባለቤት አንድ ሕግ አውጥታ ነበር፤ አሰብን ያነሳ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል። ሕጉ በወረቀት አልተለጠፈም፤ ግን በዕድሜያችን ካየናቸው ሕገ መንግሥቶች ሁሉ የተከበረው እሱ ነው።

አሰብ ሲከለከል ታዲያ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ሊቨርፑል ዞረ።

አብዛኛው ሰው የሊቨርፑል ደጋፊ ነው። ጥያቄውም አንድ ነበር፦ ክለባችን አሌክሳንደር ኢሳክን ይግዛው ወይስ ይተወው? በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ «ኢሳክ» የሚል ግን አልነበረም። ሁሉም የአክስቱን ልጅ የሚጠራ ይመስል «ይስሐቅ» ነው የሚለው።

ልጁን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንንገር። ወላጆቹ ከኤርትራ ወደ ስዊድን የሄዱ ናቸው። እሱ በ1999 ስቶክሆልም አጠገብ ባለችው ሶልና ተወለደ። በ16 ዓመቱ ለኤ.አይ.ኬ. ዋናው ቡድን ተሰለፈ፤ በጥር 2017፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ ለስዊድን ብሔራዊ ቡድን ጎል አስቆጥሮ በዕድሜ ትንሹ አግቢ ሆነ። በዚያው ወር የጀርመኑ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ ወሰደው። ጀርመን አልቀናውም፤ ሆላንድ በውሰት ተልኮ ነው ስሙ እንደገና የተነሳው። ከዚያ የስፔኑ ሪያል ሶሲዳድ፣ በነሐሴ 2022 ደግሞ ኒውካስል በታሪኩ ያላወጣውን ገንዘብ፣ ወደ 60 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ፣ አውጥቶ ገዛው። የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው አንፊልድ ላይ፣ ከዚሁ ከሊቨርፑል ጋር ሲሆን በዚያው ቀን ጎል አገባ። በ2023-24 በሊጉ 21፣ በ2024-25 ደግሞ 23 አስቆጠረ። በመጋቢት 2025 የሊግ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ሊቨርፑል 2 ለ 1 ሲረታ ሁለተኛዋን ያገባ እሱ ነበር፤ ኒውካስልም የአገር ውስጥ ዋንጫ ሳያይ ከቆየበት የ70 ዓመት ድርቅ ወጣ።

እንግዲህ ሙግቱ እዚህ ላይ ነው። «ዋንጫ የነጠቀንን ልጅ ከመጥላት መግዛት ይሻላል» የሚል ወገን አለ። «ሻምፒዮን ሆነን፣ ቪርትስን ገዝተን፣ ኤኪቲኬን ገዝተን፣ አሁን ደግሞ ሌላ መቶ ሚሊዮን? ሆድ ነው ወይስ ጎተራ?» የሚል ወገን አለ። የልጁን የጉዳት ታሪክ ከነቀኑ በቃሉ የሚያውቅ አንድ የፋርማሲ ሠራተኛ አለ፤ እሱ ጭንና ብሽሽት እየጠቀሰ ሲከራከር ሐኪም እንጂ ደጋፊ አይመስልም። ስለ ዕድሜው ሲነሳ አንዱ፣ «25 ማለት 25 ነው፤ ስዊድን ስለተወለደ የልደት ወረቀቱን ማንም አልቀነሰለትም» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው።

የማን ልጅ ነው የሚለው ጉዳይ ግን እንዲህ በሳቅ አያልፍም። ኤርትራዊው ወንድማችን «የእኛ ነው» ይላል፤ ልክ ነው። ኢትዮጵያዊው «ያው የእኛ ነው» ሲል ደግሞ የቤቷ ባለቤት ከወዲያ ማዶ ዓይኗን ታፈጣለች፤ ይህችኛዋ መንገድ ወደ አሰብ እንደምታደርስ ታውቃለቻ! ለነገሩ አሥመራ ላይ ኳስ ተጫዋች መሆን ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2015 የኤርትራ ብሔራዊ ቡድን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋና ሄዶ፣ አሥር ተጫዋቾች በዚያው ጥገኝነት ጠይቀዋል። ይስሐቅ አሥመራ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ዝውውሩ ሊሆን የሚችለው እንዲህ ያለው ነበር፤ ወኪል የሌለው፣ ፊርማ የሌለው፣ ማታ ከሆቴል መውጣት።

በዚያ ክረምት ልጁ ሥራ አቆመ። በሐምሌ ኒውካስል ወደ እስያ ሲጓዝ አብሮ አልሄደም፤ ክለቡ ምክንያቱን «ቀላል የጭን ጉዳት» አለው፤ ልጁ ግን ስፔን፣ በቀድሞ ክለቡ ሜዳ ብቻውን ልምምድ ሲሠራ ተገኘ። ይቺ «ቀላል ጉዳት» እኛን ወደ ድሮው ወሰደችን። በአንድ የመንግሥት ጋዜጣ አርታኢ በነበርንባቸው ዓመታት፣ ከሥልጣን የወረደ ባለሥልጣን ሁሉ በእኛ ገጽ ላይ «በሕመም ምክንያት» ነበር የሚወርደው። በዚያ ጋዜጣ ውስጥ ትንሽ አየር የነበረው የስፖርቱ ገጽ ብቻ ነበር፤ ሦስት ለዜሮ የተሸነፈን ቡድን አሸነፈ ብሎ መጻፍ አይቻልማ፤ ካምቦሎጆ የነበረ ሰው ሁሉ አይቷል። እሱም ቢሆን መላ አልጠፋለትም። አለቃችን ርእሱን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው «ብሔራዊ ቡድናችን ልምድ ቀስሞ ተመለሰ» ብለው ጻፉበት። ስንት ዓመት ልምድ ቀሰምን!

ወደ ነገራችን። ነሐሴ 1 ቀን ሊቨርፑል 110 ሚሊዮን ፓውንድ አቀረበ፤ ኒውካስል አልሸጥም አለ። ነሐሴ 19 ልጁ በኢንስታግራም የተገባለት ቃል መፍረሱንና ግንኙነቱ በዚህ ሊቀጥል እንደማይችል ጻፈ፤ ክለቡ በበኩሉ እንዲህ ያለ ቃል አልገባሁም ሲል መለሰ። ቡና ቤቷ ለሁለት ተከፈለች። «ሦስት ዓመት ውል እያለው አድማ ይመታል? ውል ውል ነው!» ያሉት አገር ቤት የሠራተኛ ማኅበር ሰው የነበሩ አዛውንት ናቸው። በወጣትነታቸው አድማ አስተባብረዋል ተብለው የታሰሩት እኚሁ ሰው መሆናቸውን የምናውቅ ሰዎች ተያየን።

ይህን ሁሉ ዝም ብሎ የሚሰማው አንድ ሰው ነበር፤ ብቸኛው የኒውካስል ደጋፊ። በ2001 ጥገኝነት ሲጠይቅ፣ ያኔ የእንግሊዝ መንግሥት ስደተኛውን ከለንደን እያወጣ በየክፍለ አገሩ ይመድብ ስለነበር፣ ኒውካስል ደረሰው። «ከተማውን የመረጠልኝ ሆም ኦፊስ ነው፤ ክለቡን ግን እኔ መረጥኩት» ይላል። መጀመሪያ በገባበት የብርድ ወራት ቋንቋ የለው፣ የሥራ ፈቃድ የለው፤ ከበጎ አድራጎት ሱቅ በሃምሳ ፔኒ ጥቁርና ነጭ የአንገት ሻርፕ ገዛ። ለብርድ እንጂ ለኳስ ብሎ አልነበረም። በማግስቱ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሦስት የማያውቃቸው ሰዎች ሰላም አሉት። ከዚያ ወዲህ ያችን ሻርፕ አልጣላትም።

እስከ ጥቅምት 2021 ድረስ ማለታችን ነው። በዚያ ወር የሳዑዲ አረቢያ የመንግሥት ኢንቨስትመንት ፈንድ 80 በመቶውን ይዞ ኒውካስልን ገዛ። ፕሪሚየር ሊጉ የሳዑዲ መንግሥት ክለቡን እንደማይቆጣጠር ሕጋዊ ማረጋገጫ አግኝቻለሁ አለ። ወንድማችን ሻርፑን አጥፎ ሳጥን ውስጥ ከተተው። ከእኛ ጋር የተዋወቅነውም ቀድሞ፣ በኅዳር 2013፣ ለንደን በሳዑዲ ኤምባሲ ደጃፍ በተደረገው ሰልፍ ላይ ነበርና ገባን። ያኔ ሪያድ ላይ ወገኖቻችን በየመንገዱ ሲደበደቡ፣ ከ150 ሺህ በላይ ሕዝብ ተጠርዞ ሲባረር፣ አዲስ አበባ ላይ ለዚሁ የወጣውን ሰልፈኛ ደግሞ ፖሊስ በዱላ ሲበትነው ያላለቀሰ አልነበረም።

ከዚያ 2022 መጣ፤ ኒውካስል ይስሐቅን ገዛ። ወንድማችን ሻርፑን ከሳጥኑ ሊያወጣ እጁን ሰደደ። በዚያው ነሐሴ ግን ከወሎ ተነስቶ በጅቡቲ በኩል የመን የገባው የእህቱ ልጅ ከሰዓዳ ደውሎ ነበር፤ «ነገ ድንበሩን እንሻገራለን» ብሎ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ሂዩማን ራይትስ ዎች ልክ ከዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2023፣ ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በጥይትና በሞርታር መግደላቸውን ዘርዝሮ አወጣ። የሳዑዲ መንግሥት መሠረተ ቢስ ነው አለ።

«ልጁ ጎል ሲያገባ እጄ ብቻውን ይነሳል፤ መልሼ አወርደዋለሁ» አለን ወንድማችን። «በአንድ ወር አንዱን ሐበሻ በስድሳ ሚሊዮን ገዙት፤ ሌላው የት እንደወደቀ እንኳ የሚነግረኝ የለም። እባካችሁ ግዙትና ከዚያ ይውጣ። እኔም ልረፍ።»

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከታክሲ ነጂው ነው፤ ምነው ባልመጣ። «ብንገዛውስ ገንዘቡ የት የሚገባ መሰለህ?» አለ። ቆጠረለት። ሊቨርፑል በዚያው ነሐሴ ኑኔዝን የሸጠው ለሪያዱ አል ሂላል ነው፤ ከአል ሂላል 75 በመቶውን በ2023 የወሰደው ያው ፈንድ ነው። ከሪያድ የመጣው ገንዘብ አንፊልድን ረግጦ ወደ ኒውካስል፣ ማለትም ወደ ሪያድ፣ ሊመለስ ነው። ጠረጴዛው ዝም አለ። ዋጋው ይብዛ ይነስ የሚለውን ሙግት በዚያ ምሽት መልሶ ያነሳ የለም።

ዝምታውን የሰበረችው ጀበና የምታጣጥለው እህታችን ናት። እሷ ኳስ አታይም። ሪያድ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ፣ ቀጣሪዎቿ ለእረፍት ለንደን ይዘዋት ሲመጡ በዚያው የቀረች ናት።

«ሥራ አልሠራም ሲል ምን አደረጉት?» ብላ ጠየቀች።

«ምንም። ዋጋው ጨመረ።»

«ፓስፖርቱስ?»

«እሱ ጋ ነው እንጂ የት ይሆናል?»

ከት ብላ ሳቀች። ዝውውር እኮ እኛም ነበረን አለች፤ እዚያ «ነቅል ከፋላ» ነው የሚሉት። ካፊሉ ካልፈቀደ ወደ ሌላ ቤት መሄድ የለም፤ ጥለሽ ከወጣሽ ጠፋች ብሎ ለፖሊስ ያመለክታል። በ2021 የሠራተኛው ሕግ ተሻሻለ ሲባል የቤት ሠራተኛ አልተጨመረችበትም። እሷ አንድ ጊዜ ለማዳሟ ሌላ ቤት መሥራት እፈልጋለሁ ብትላት ስልኳን ወስዳ በሩን ቆለፈችባት። «እኔም የተዛወርኩት በነሐሴ ነው» አለች፤ «በሃይድ ፓርክ በኩል፣ በነጠላ ጫማ።»

የማኅበሩ አዛውንት ስለ ውል ያላቸውን አስተያየት ከዚያ ወዲያ አልደገሙልንም።

የቀረውን አንባቢ ያውቀዋል። ነሐሴ 25 ሁለቱ ክለቦች ኒውካስል ላይ ይስሐቅ በሌለበት ተጫወቱ፤ የ16 ዓመቱ ሪዮ ንጉሞሃ በመቶኛው ደቂቃ አግብቶ ሊቨርፑል 3 ለ 2 አሸነፈ። «ይኸው በነጻ ያደገ ልጅ አለን፤ ምን ልንገዛ ነው?» ብለው ተቃዋሚዎቹ አንድ ሳምንት ሙሉ ጮኹ። መስከረም 1 ቀን በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ተፈረመ፤ በእንግሊዝ ታሪክ ከፍተኛው ዋጋ። ለሊቨርፑል የመጀመሪያዋን የሊግ ጎል ለማግባት እስከ ኅዳር 30 ቆየ፤ ታኅሣሥ 20 ቶተንሃም ላይ ሁለተኛዋን ሲያገባ በዚያችው ቅጽበት የእግሩ አጥንት ተሰበረ። የፋርማሲው ሠራተኛ «ብዬ ነበር» ለማለት አፉን ከፍቶ፣ የኒውካስሉን ሰው ፊት አይቶ ዘጋው። ሰውየው አሁን ምንም ሻርፕ አያደርግም።

እህታችን ቶናውን እየቀዳች ቴሌቪዥኑን ቀና ብላ አየች።

«እንዲህ ተሰብሮ ሲተኛ ደሞዙ ይቆማል?»

«አይቆምም፤ ውሉ ላይ አለ።»

«እሰይ» አለችና ስኒውን አቀበለችን።