ከኮቪድ-19 ነጻ መሆን ከቲቢ ነጻ መሆን አይደለም

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ፣ ሳል ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው አዲሱ ቫይረስ ሆኖ ነበር። ይሁን እንጂ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ከወረርሽኙ በፊትም ነበረ፤ ዛሬም አለ። ሁለቱም ሳልና ትኩሳት ስለሚያስከትሉ በምልክት ብቻ መለየት ያሳስታል። በመሆኑም የኮቪድ-19 ውጤቱ ኔጌቲቭ የሆነ፣ ነገር ግን ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሰው የአክታ ምርመራ ሳይደረግለት መሸኘት የለበትም።

የሁለቱ ምርመራዎች ናሙና የተለያየ ነው። ለኮቪድ-19 ከአፍንጫ ወይም ከጉሮሮ፣ ለቲቢ ግን ከሳንባ የወጣ አክታ ይወሰዳል። የጂን ኤክስፐርት መሣሪያ ሁለቱንም መመርመር ቢችልም፣ ለእያንዳንዱ በሽታ የራሱ ካርትሪጅ ያስፈልገዋል፤ የአንዱ ውጤት ስለሌላው አይናገርም።

በአጉሊ መነጽር ምርመራ ባክቴሪያው እንዲታይ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 የሚደርሱ ባክቴሪያዎች መኖር አለባቸው። ጂን ኤክስፐርት ግን 130 ገደማ ሲሆኑም ይለያል። ከዚህም በላይ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑን በሁለት ሰዓት ገደማ ያሳውቃል። በባክቴሪያ ማሳደጊያ የሚደረገው ምርመራ ግን ሳምንታትን ይፈጃል።

በጋሞ ዞን ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። ከጨንቻ፣ ከቦንኬ ወይም ከዲታ ደጋማ ቀበሌዎች የተነሳ ታማሚ አርባ ምንጭ ለመድረስ ረጅም ቁልቁለት ይጠብቀዋል፤ የትራንስፖርት ወጪው ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው፤ በወረርሽኝ ወቅት ደግሞ ጉዞው ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ ታማሚው ሳይሆን ናሙናው እንዲጓዝ ማድረግ ይመረጣል። ጤና ጣቢያው አክታውን በሚገባ በተከደነና በተለጠፈበት ዕቃ፣ ቅዝቃዜውን ጠብቆ ምርመራው ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ይልካል፤ ውጤቱም ሳይዘገይ ለታማሚው መድረሱን ይከታተላል።

ጥሩ መሣሪያ መጥፎ ናሙናን አያድንም። ምራቅ አክታ አይደለም። ታማሚው አፉን በውኃ ተጉመጥምጦ፣ ደጋግሞ በጥልቀት ከተነፈሰ በኋላ ከደረቱ ስሎ ማውጣት ይኖርበታል። አክታ የሚሰጠው በተዘጋ ክፍል ወይም በወረፋ መካከል ሳይሆን፣ ነፋስ በሚያገኘው ገላጣ ቦታ ከሌሎች ርቆ ነው። በአቅራቢያው የሚገኝ የጤና ባለሙያ ኤን95 ጭምብል ማድረግ አለበት።

ቲቢ በወቅቱ ከተደረሰበት የሚድን በሽታ ነው፤ በመንግሥት ጤና ተቋማትም ሕክምናው ያለ ክፍያ ይሰጣል። ሳይመረመር የቀረ ሰው ግን በሽታውን ይዞ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል።