በክረምት ቤተሰቡ ወዴት ይሂድ?

ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ልጆች ሐምሌንና ነሐሴን ከቤት ይውላሉ። ከብት ይጠብቃሉ፤ አረም ያርማሉ፤ ውሃ ይቀዳሉ። ይህ መልካም ነው። ግን ከሁለቱ ወር ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ተወስዶ ቤተሰቡ አንድ ላይ መንገድ ቢሄድስ?

«ለማየት ብሎ መሄድማ የሀብታም ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። ይህ ልክ አይደለም። ገበሬ ሁልጊዜም መንገደኛ ነው። ለገበያ ይሄዳል፤ ለለቅሶ ይሄዳል፤ ለሠርግ ይሄዳል። የሚቀረው ከልጆቹ ጋር ሆኖ አገር ለማወቅ መሄድ ነው።

እኛ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ጂንካ የመጣን ተማሪዎች አንድ ነገር ይደንቀናል። የውጭ አገር ሰዎች ባሕር ተሻግረው የኦሞን ሸለቆ ለማየት ይመጣሉ። ጂንካ ተወልዶ ያደገ ልጅ ግን ኦሞ ወንዝን ሳያይ ይጎለምሳል። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ታዲያ ልጁ ያላየውን አገር እንዴት አገሬ ይበለው?

ቦታ ከመመረጡ በፊት ግን አራት ጥያቄዎች አሉ። አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፦ ዝናቡ የት ነው?

በሸዋ፣ በጎጃምና በወሎ ደጋ ዶፉ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የደቡብ ኦሞ ቆላ ግን የራሱ ወቅት አለው። ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ትንሹ ዝናብ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ይመጣል። በሐምሌና በነሐሴ ቆላው ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው። ስለዚህ በሚያዝያ መኪና ውጦ የሚያስቀር ጭቃ በሐምሌ ይታለፋል። ጂንካ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች በክረምትም ዝናብ አያጣትም። እናም ጂንካ ዘነበ ብላችሁ «ቱርሚም ዘንቧል» አትበሉ።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቆላው ደረቅ ሆኖ ሳለ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ለምን? የኦሞ ውሃ የሚመጣው ከሩቅ ደጋ ነው። ደጋው በክረምት ሲዘንብበት ውሃው ወደ ታች ይወርዳል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በደጋ የጣለው ከባድ ዝናብ ኦሞን ሞላው። ወንዙ ከዳሩ ወጥቶ በዳሰነች አገር መንደሮችን አጥለቀለቀ። ከ360 የሚበልጡ ሰዎች እንደሞቱ በዚያን ጊዜ ተነገረ። ብዙ ከብትም አለቀ። በወንዙ ላይ ግልገል ጊቤ 3 ግድብ ተሠርቶ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የወንዙ አካሄድ እንደ ድሮው አይደለም። ቢሆንም በቅርብ ዓመታት የቱርካና ሐይቅ ከፍ በማለቱና ኦሞ በመሙላቱ ብዙ የዳሰነች ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ስለዚህ ወደ ኦሞራቴ ከመሄድ በፊት ከዚያ የመጣ ሰው ይጠየቅ።

ትንንሾቹ ወንዞችም ያታልላሉ። በቱርሚ አጠገብ እንዳለው እንደ ካስኬ ያለ ወንዝ ብዙውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ሆኖ ይታያል። ልጆች ሜዳ ይመስላቸዋል። ራቅ ካለ ቦታ ዘንቦ ደራሽ ውሃ ሲመጣ ግን ለመሸሽ ጊዜ አይሰጥም። በደረቅ ወንዝ ውስጥ አይታደርም። ልጅም ብቻውን አይጫወትበትም።

ሁለተኛ፦ ማን ማን ይሄዳል?

ብዙ ጊዜ መንገድ የሚሄደው አባት ነው። ቢበዛ ወንድ ልጁን ያስከትላል። እናትና ሴት ልጅ ከቤት ይቀራሉ። እንዲህ ያለው ጉዞ የቤተሰብ ጉዞ አይባልም። «ከብቱንና ቤቱን ማን ይጠብቅ?» የሚለው ጥያቄ ግን እውነተኛ ነው። መፍትሔው ከጎረቤት ጋር መነጋገር ነው። ዘንድሮ እነሱ ይጠብቁላችሁ፤ ለከርሞ እናንተ ትጠብቁላቸዋላችሁ።

ቆላ የወባ አገር ነው። ነፍሰ ጡር ሴትና ጨቅላ ሕፃን ባይሄዱ ይሻላል። ሌላውም ቢሆን አጎበሩን ይዞ ይሂድ። አያት ካሉ ጉዞው አጭር ይሁን።

ሦስተኛ፦ ገንዘቡ ስንት ነው?

ሒሳቡን ከመነሳት በፊት በወረቀት እንጻፈው። አምስት ሰው ይሄዳል እንበል። ታሪፉ ለአንድ ሰው 100 ብር ነው እንበል። 5 በ100 ሲባዛ 500 ይሆናል። መመለሻም አለ፤ ስለዚህ 1000 ብር። ከዚህ ላይ የምግብ፣ የማደሪያና ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ገንዘብ ይደመራል። ለዘር የተቀመጠ ብር ግን አይነካም። ጉዞው የመስከረምን ጉርስ የሚወስድ ከሆነ ቅርብ ቦታ ይመረጥ።

አራተኛ፦ ልጁ ምን ይዞ ይመለሳል?

ከጉዞ የሚቀረው ትልቁ ነገር ትዝታ ነው። ልጁ ተመልሶ ለጓደኞቹ የሚያወራው ምንድን ነው? መልሱ ከሌለ ቦታው አልተመረጠም ማለት ነው።

አሁን ቦታዎቹን እንቁጠር።

ብር ለሌለው፦ ጂንካ ራሷ አለች። ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና ጥናት ማዕከል ይገኛል። በእግር ይወጣል። የሐመር፣ የሙርሲ፣ የአሪና የሌሎችም ሕዝቦች የቤት ዕቃና ጌጥ አንድ ላይ ይታያል። አያቶች ካሉ ይዛችኋቸው ሂዱ። «ይሄማ በእናቴ ቤት ነበር» ሲሉ ልጆቹ ይሰማሉ። ይህን የሚያህል ትምህርት የለም።

አንድ ቀን ላለው፦ ቀይ አፈር። ከጂንካ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገበያው ሐሙስ ነው። በናው፣ ጸማዩና አሪው እዚያ ይገናኛል። በጠዋት ተሂዶ በዚያው ቀን ይመለሳል።

ሦስት ቀን ላለው፦ ዲመካና ቱርሚ። የሐመር አገር ነው። የዲመካ ገበያ ቅዳሜ፣ የቱርሚ ገበያ ሰኞ ነው። ቅዳሜ ዲመካ የዋለ ሰው ሰኞ ቱርሚ ቢውል በአንድ መንገድ ሁለት ገበያ ያያል።

ከዚያ በላይ ላለው፦ ኮንሶና አርባ ምንጭ። መንገዱ በቀይ አፈርና በወይጦ አልፎ ኮንሶ ይገባል። የኮንሶ ገበሬ ተራራውን በድንጋይ ካብ እርከን አድርጎ ከ400 ዓመት በላይ አፈሩን ይዞ ኖሯል። ይህ ሥራ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። አፈሩ በጎርፍ ለሚሄድበት ገበሬ ከዚህ የተሻለ የሚታይ ነገር የት ይገኛል? አርባ ምንጭ ደግሞ አባያና ጫሞ ሐይቆች አሉ። የአባያ ውሃ ቀላ ያለ ነው። በጫሞ ትልልቅ አዞዎች ይታያሉ። ልጅ ይህን አይረሳም። ከዳር ርቆ መቆም ግን ግዴታ ነው።

ማጎ ፓርክስ? ቅርብ ነው፤ ጎሽና ሌላም አውሬ አለው። ግን መኪና መከራየት፣ የመግቢያ መክፈልና ጠባቂ መያዝ ያስፈልጋል። የገንዲን በሽታ የሚያስተላልፈው ዝንብም ይናደፋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ሦስት ቤተሰብ ተባብሮ መኪና ቢከራይ ይቻላል።

ለልጆች በመንገድ ላይ የምትነግሩት አንድ ነገር እንጨምር። ከኦሞ ወንዝ አጠገብ ኪቢሽ በሚባል ስፍራ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 የጥንት ሰው አጥንት ተገኘ። በ2022 የወጣ ጥናት ዕድሜው ከ230 ሺህ ዓመት እንደማያንስ ገልጿል። እንደ እኛ ካለው ሰው ዘር በጣም ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። የታችኛው ኦሞ ሸለቆም በ1980፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ኪቢሽ ሩቅ ስለሆነ ለቤተሰብ ጉዞ አይመችም። ወሬው ግን ለመንገድ ስንቅ ይሆናል።

በእንግድነት አገር እንዴት እንሁን?

ሰው እንደ ዱር አውሬ የሚታይ ነገር አይደለም። በመጀመሪያ ሰላምታ ይሰጣል። ሳይጠየቅ ፎቶ አይነሳም። በሰው አለባበስ አይሳቅም። ከገበያው ማር ወይም ቅል ግዙ፤ ስም ተለዋወጡ። በአገራችን ጎረቤታሞች በከብትና በግጦሽ ሲጋጩ አይተናል። ክፉ ወሬ ሲመጣ የሰውዬውን ፊት የሚያውቅ ልጅ «እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ማር ሰጥተውኛል» ይላል። የማያውቅ ልጅ ግን የተነገረውን ሁሉ ያምናል። ለእኛ የጉዞው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ከመነሳት በፊት በመናኸሪያ ስለ መንገዱና ስለ ሰላሙ ጠይቁ። በጠዋት ተነሱ፤ በሌሊት አትጓዙ። ልጆችን በጭነት መኪና ላይ፣ ከጭነቱ በላይ አታሳፍሩ። የፈላ ውሃ በጀሪካን ያዙ።

በመጨረሻም ቦታውን አባት ብቻውን አይምረጥ። ማታ እሳት ዳር ሁሉም ይናገር። ልጅም «እኔ አዞ ማየት እፈልጋለሁ» ይበል። ተመካክረው የመረጡት መንገድ ቢደክምም አያማርርም።

እንወያይ

1. የቆላው ዝናብ የሚጥለው በየትኞቹ ወራት ነው?
2. ቆላው ደረቅ ሆኖ ሳለ ኦሞ ለምን ይሞላል?
3. ታሪፉ ለአንድ ሰው 80 ብር ቢሆን ለስድስት ሰው ደርሶ መልስ ስንት ይሆናል?
4. የእናንተ ቤተሰብ በመጪው ክረምት ወዴት ቢሄድ ይሻላል? ምክንያታችሁን ጽፋችሁ ለቤተሰባችሁ አንብቡ።