አዋሽ ባሕር አይደርስም

ወንዝ ውስጥ የጣልነው ነገር ሄዶ ሄዶ ባሕር የሚገባ ይመስለናል። የአዲስ አበባ ወንዞች ግን ባሕር የላቸውም። ቀበና፣ ግንፍሌና ባንተይቀጡ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። አዋሽ ደግሞ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በአፋር በኩል፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያበቃል። ከግቢያችን የወጣው ሁሉ እዚሁ፣ ሰው እጅ ላይ ነው የሚቀረው።

ይህን የምጽፈው «እኔ ብቻዬን ምን አመጣለሁ? መጀመሪያ ፋብሪካዎቹን ያዙ» የሚል ክርክር ደጋግሜ ስለምሰማ ነው። ግማሹ እውነት ነው። ከቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣ ክሮሚየም ያለበት ፍሳሽ የአቃቂን ውኃ እንደበከለ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ያንን እኔና እናንተ ፌስታል በመቀነስ አንመልሰውም። እነሱን መጠየቅ የመንግሥት ሥራ ነው፣ መንግሥትን መጠየቅ ደግሞ የእኛ።

ሌላው ግማሽ ግን ከቤታችን ይወጣል። በከተማችን ብዙ ቤት ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም። ጉድጓዱ ሲሞላ ሽንት ቤት ማስመጠጥ ገንዘብ ያስወጣል፣ ወረፋም ያስጠብቃል። ስለዚህ ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ፣ ሌሊት ተጠብቆ ወደ ጎርፍ ቱቦ የሚለቀቅ አለ። በሰፈራችን ጠዋት ሽታው ይናገራል፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ይህን የሚያደርገው በሩቅ ያለ ባለ ጭስ ማውጫ ድርጅት አይደለም። ሰላምታ የምንለዋወጥ፣ በአንድ እድር የምንቀባበር ሰዎች ነን። እኔን ከፋብሪካው በላይ የሚያሳስበኝም ይሄ ነው፤ ፋብሪካን ተቆጣጣሪ ሊደርስበት ይችላል፣ የሌሊቱን ቱቦ ግን ከራሳችን ሌላ የሚያይ የለም።

የተለቀቀው የት ይሄዳል? በመካኒሳ፣ በጎፋና በአቃቂ ወንዝ ዳር ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ይመረታል። አምራቾቹ የሚያጠጡት የወንዙን ውኃ ነው፣ በእነሱ አልፈርድም። ጎመኑ ይበስላል፤ ሰላጣው ግን በጥሬው ይበላል። የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። በሰኔ ሌሊት ቱቦ ውስጥ የተለቀቀው በጾም ቀን ገበታ ላይ ልጆቻችን ፊት ሊቀርብ ይችላል ማለት ነው።

ወረድ ሲል እምቦጭ አለ። እምቦጭ ሲነሣ ሁላችንም ጣናን እናስባለን፤ በአገራችን መጀመሪያ የተመዘገበው ግን እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃ ሐይቅና አዋሽ ላይ ነው። አረሙን የሚያፋፋው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው፤ ሁለቱም ከእርሻ ማዳበሪያም ከሽንት ቤታችንም ይመጣሉ። ከቆቃ ግድብ በታች አዳማ ውኃዋን ከአዋሽ ቀድታ፣ አጣርታ ትጠጣለች። ከዚያም በታች ዱብቲና አሳይታ አካባቢ፣ ማጣሪያ የሌለው አርብቶ አደር ከግመሎቹ ጋር ከወንዙ ይጠጣል።

የተቃጠለ ዘይትም እንዲሁ ነው። መኪናችሁን ዘይት ስታስቀይሩ አሮጌው የት እንደሚደፋ ጠይቁ። «በርሜል ውስጥ እናጠራቅማለን» ካሉ በርሜሉን ለማየት አትፈሩ። ቱቦ ውስጥ የሚደፉ ከሆነ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ። የተጣለ ሃይላንድ ቢሆን ቢያንስ ቁራሌው ይወስደዋል፤ ዘይቱ አንዴ ከፈሰሰ የሚለቅመው የለም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 አካባቢን የመጠበቅን ግዴታ በመንግሥት ላይ ብቻ አልጣለም፣ ዜጎችንም አብሮ ጠርቷል። ይህ ለእኔ ችግኝ በሚተከልበት ቀን ብቻ የሚፈጸም ግዴታ አይደለም። የሽንት ቤት ጉድጓዱ ከክረምት በፊት፣ ገና ግንቦት ላይ መመጠጥ አለበት። ወጪው ለአንድ ቤት ከከበደ፣ ጉድጓድ የሚጋሩ ጎረቤቶች ቀድመው ያዋጡ፤ በእኛ ግቢ ጉዳዩን ያነሡት እናቶች ናቸው፣ ተስማምተንበታል። ሌሊት የሚለቅ ጎረቤት ካለም መጀመሪያ ለብቻው፣ በአክብሮት ይነገረው። አቅም አጥቶ ከሆነ ይታገዝ። አቅም እያለው ከቀጠለ ግን ለወረዳ ማመልከት ነገረኝነት አይደለም።

ከቆቃ በታች የምትኖሩ የቻናላችን ተከታዮች፣ በክረምት ወንዙ እናንተ ጋ ምን መስሎ እንደሚደርስ ጻፉልን። እዚህ ላይ ያለነው ማወቅ አለብን።